አይ7 ሁልጊዜ ከአይ3 ይበልጣል? የ4790 እና የ12100 ንጽጽር

ጥያቄው፦ «ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ቀን ፎቶሾፕ ላይ ነኝ፣ ማታ ማታ የሠርግና የልደት ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። እህቴም በዚያው ኮምፒውተር የደንበኞቿን ሒሳብ በፒችትሪ ትሠራለች። መገናኛ አንድ ሱቅ ገብቼ ሁለት ያገለገሉ ዴስክቶፖች አሳዩኝ። አንዱ ኮር አይ7-4790፣ 16 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክና ባለ 2 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ አለው። ሌላው ኮር አይ3-12100፣ 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ነው፤ ዋጋው ግን ከመጀመሪያው በግማሽ ያህል ይበልጣል። ሁለቱም 4 ኮርና 8 ትሬድ ናቸው። አይ7ው 3.6 ጊጋኸርዝ፣ አይ3ው 3.3 ጊጋኸርዝ ይላል። ሻጩ ራሱ ‹አይ3 የተማሪ ነው፣ አይ7 የባለሙያ ነው› አለኝ። ታዲያ አይ3ው ለምን ተወደደ? የትኛውን ልግዛ?»

ሻጩ የነገርዎት የተገለበጠ ነው። ከሁለቱ ፈጣኑ አይ3-12100 ነው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። አንድ ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል) ብቻ በሚያሠራ ሥራም ሆነ አራቱንም ኮር በሚያስጨንቅ ሥራ፣ ከ4790 ከ60 እስከ 80 በመቶ ያህል ይቀድማል። «ለምን ተወደደ?» ላሉትም መልሱ ይኸው ነው፤ ሻጩ በአፉ የካደውን በዋጋው አምኗል።

«አይ3፣ አይ5፣ አይ7» የሚባለው በአንድ ጀነሬሽን ውስጥ የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ከአንዱ ጀነሬሽን ወደ ሌላው አይሻገርም። ጀነሬሽኑን ለማወቅ ከሞዴል ቁጥሩ የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች በጣትዎ ይሸፍኑ። 4790 ላይ የሚቀረው 4 ነው፣ 12100 ላይ የሚቀረው 12 ነው። አራተኛ ጀነሬሽንና ዐሥራ ሁለተኛ ጀነሬሽን ማለት ነው። አሁን ከ4ኛ ክፍል አንደኛ የወጣ ልጅና ከ12ኛ ክፍል ሃያኛ የወጣ ልጅ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ቢሰጣቸው ማን ቀድሞ ይጨርሳል? ሻጩ ያሳየዎት ከክፍላቸው ስንተኛ እንደወጡ ነው፤ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ አልነገረዎትም። (ይህ በጣት የመሸፈን ዘዴ ከ2ኛ እስከ 14ኛ ጀነሬሽን ባሉ የተለመዱ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ይሠራል። ላፕቶፕ ላይ አንዳንዴ ያሳስታል።)

4790 ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ነው። 12100 የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 መጀመሪያ፣ በኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ «2014 ሞዴል ነው» ሲሉዎት የማን 2014 እንደሆነ ይጠይቁ። በመካከላቸው ያለው ስምንት ዓመት ሊጠጋ ነው።

«አይ3 የተማሪ ነው» የሚለው ወሬ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ በአንድ ወቅት እውነት ነበር። በ4790 ዘመን የነበሩት የዴስክቶፕ አይ3ዎች 2 ኮርና 4 ትሬድ (ኮሮቹ በአንድ ጊዜ የሚይዟቸው የሥራ መስመሮች) ብቻ ነበራቸው። ያኔ አይ7 የገዛ ሰው በእርግጥ እጥፍ ኮር ይገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ አይ3 ወደ 4 ኮር አደገ፣ በ2020 ደግሞ 8 ትሬድ ተጨመረለት። 12100 የያዘው የኮርና የትሬድ ብዛት እንግዲህ የድሮው አይ7 የያዘው ነው፤ ይህን እርስዎም አይተውታል። ወሬው ግን ከዕቃው ጋር አብሮ አላደገም፤ ገበያው ውስጥ አሁንም «አይ7» የሚል ስቲከር ብቻውን ዋጋ ያስጨምራል።

ወደ ጊጋኸርዙ እንምጣ። 3.6 እና 3.3 የተባሉት መነሻ ፍጥነቶች ናቸው፤ ፕሮሰሰሩ ከባድ ሥራ ላይ ሆኖ፣ በተፈቀደለት ኃይል እንደማይወርድበት ዋስትና የተሰጠበት ወለል ነው። ጣሪያውን ካየን 4790 እስከ 4.0፣ 12100 እስከ 4.3 ጊጋኸርዝ ይወጣል። ሆኖም ዋናው ነገር ይህም አይደለም። ጊጋኸርዝ በሴኮንድ ውስጥ ስንት ምት እንዳለ ይናገራል፤ በአንድ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚወጣ ግን አይናገርም። ከመገናኛ ፒያሳ በሰዓት እኩል ምልልስ የሚያደርጉ ሁለት መኪኖች ያስቡ፤ አንዱ ሚኒባስ ነው፣ ሌላው ሃይገር ባስ። የምልልሱን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን እኩል ይላቸዋል፤ ተሰልፎ የሚጠብቀው ተሳፋሪ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

ቺፑ ውስጥ ሲገባ ይህ ጭነት በቁጥር ይታያል። የ4790 ኮር፣ ሃስዌል የሚባለው፣ በአንድ ምት እስከ 4 ትእዛዝ ወደ ሥራ ያስገባል፤ የ12100 ኮር፣ ጎልደን ኮቭ የሚባለው፣ እስከ 6። ተራቸውን የሚጠብቁ ትእዛዞች የሚያዙበት ሰልፍ በሃስዌል 192 ቦታ ሲኖረው በጎልደን ኮቭ 512 ደርሷል። የሰልፉ መርዘም ጥቅሙ ምንድን ነው? አንዱ ትእዛዝ ከራም መረጃ እስኪመጣለት ቆሞ ሲጠብቅ፣ ፕሮሰሰሩ ከሰልፉ ውስጥ ዝግጁ የሆነውን ሌላ ትእዛዝ አንሥቶ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሰልፉ አጭር ከሆነ ግን ቶሎ ይሞላና ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ለእያንዳንዱ ኮር የቀረበው ሁለተኛ ደረጃ ካሽም (ቺፑ ውስጥ ያለ ፈጣን ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ከ256 ኪሎባይት ወደ 1.25 ሜጋባይት፣ የጋራው ካሽ ከ8 ወደ 12 ሜጋባይት አድጓል። ራሙም ተለውጧል፤ ዲዲአር3-1600 በሁለት ቻነል (የመረጃ መንገድ) በሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት ሲያሳልፍ ዲዲአር4-3200 51.2 ያሳልፋል። ኮሩም ካሽም ራምም በአንድነት ተሻሽለው ነው ያ የ60 እና የ80 በመቶ ልዩነት የሚመጣው። የጊጋኸርዙ ድርሻ በጣም ትንሽ ነው።

በላዩ ላይ አሮጌው አንድ ዕዳ ተሸክሟል። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ቀዳዳዎች ይፋ ሲወጡ መዝጊያው በሶፍትዌር ነበር የመጣው፤ ያም ፍጥነት በላ። ማይክሮሶፍት ራሱ ያኔ ሃስዌልና ከዚያ በፊት በነበሩ ፕሮሰሰሮች ላይ መቀዛቀዙ ጎልቶ እንደሚታይ ተናግሯል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2014 የተሠራ የ4790 ፈተና ውጤት ኢንተርኔት ላይ ቢያገኙ፣ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው ዕቃ ያንኑ ያመጣል ብለው አይቁጠሩ።

ለማነጻጸሪያ ሲኔቤንች አር23 የተባለውን የፕሮሰሰር መፈተኛ ፕሮግራም እንውሰድ፤ ነፃ ነው፣ ሱቅ ውስጥም ማስኬድ ይቻላል። በአንድ ኮር 4790 ወደ 1,000 ገደማ ያመጣል፣ 12100 ከ1,600 ይዘላል። በሁሉም ኮር 4790 ወደ 5,000 ይጠጋል፣ 12100 ከ8,000 ያልፋል። የመጀመሪያው ቁጥር ለእርስዎ ከሁለተኛው ይልቅ ይጠቅማል። ፎቶሾፕ ውስጥ አብዛኛው ሥራ፣ ብሩሹ፣ ሌየሩ፣ የምርጫው መስመር፣ በአንድ ወይም በሁለት ኮር ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ፋይሉ እየከበደ ሲመጣ ብሩሹ ከእጅዎ ኋላ መቅረቱን ወይም አለመቅረቱን የሚወስነው የአንድ ኮር ጉልበት ነው።

አሁን የእርስዎን ጉዳይ ቁርጥ ወደሚያደርገው ነገር ልምጣ፤ ቪዲዮ። እዚህ ላይ ከኮሮቹ ይልቅ ወሳኙ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተቀመጠው የቪዲዮ መፍቻ ክፍል፣ ማለትም የተጨመቀውን ቪዲዮ ወደ ምስል የሚመልሰው፣ ነው። ዛሬ ብዙ ስልኮች የሚቀዱት ኤችኢቪሲ፣ በሌላ ስሙ ኤች.265፣ በሚባለው አጨማመቅ ነው። አዳዲስ ካሜራዎችም ለቀለም ሥራ እንዲመች ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 አድርገው ይቀዳሉ። 4790 ውስጥ ያለው ኤችዲ ግራፊክስ 4600 ይህን በሃርድዌር አይፈታም፤ እሱ የተሠራው ለኤች.264 ዘመን ነው። ስለዚህ ሸክሙ በሙሉ በአራቱ ኮር ላይ ይወድቃል። 12100 ውስጥ ያለው ዩኤችዲ ግራፊክስ 730 ግን ኤችኢቪሲን፣ ባለ 10 ቢት 4፡2፡2ውን ጨምሮ፣ በተለየ ክፍል ይፈታዋል። ዩቲዩብ የሚጠቀምባቸውን ቪፒ9ንና ኤቪ1ንም እንዲሁ።

ይህ በዓይን ምን እንደሚመስል ላሳይዎት። አንድ የሠርግ ቪዲዮ ሠሪ 4790 ያለበትን ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጥቶ «ቫይረስ ገብቶበታል መሰለኝ» አለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ከፍተን ያስቸገረውን ፋይል አጫወትነው፤ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ በስልክ የተቀዳ፣ ባለ 4ኬ። ታስክ ማናጀሩ ላይ ስምንቱም ሳጥኖች እስከ ጣሪያቸው ሞሉ፣ ፋኑ መጮህ ጀመረ፣ ምስሉ ቆመ። ሙሽራዋ አንድ እግሯን መሬት ሳታስነካ ተንጠልጥላ ቀረች፤ እልልታው ግን ያለ እሷ ቀጠለ። ቫይረስ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ፋይሉን ወደ ኤች.264 ፕሮክሲ፣ ማለትም ለኤዲቲንግ ብቻ ወደሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ፣ ቀይረንለት ሥራውን ጨረሰ። ቀኑን ግማሽ ግን የበላው ያ መቀየር ነው። ያንኑ ዋናውን ፋይል በ12100 ላይ ስከፍተው ሳይቆራረጥ ሄደ፣ ኮሮቹም ዘና ብለው ተቀምጠው ነበር።

የዚያን ዕለት ሁለተኛ ነገርም አገኘን፤ ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሁሉ ይጠቅማል። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ስንፈታ ቴርማል ፔስቱ፣ ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሳልፈው ቅባት፣ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። 4790 ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የዚያ ሰው ኮምፒውተርም በየቀኑ የሚሠራው ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር። አቧራውን ጠርገን ፔስቱን ስንቀይር ፋኑ ዝም አለ። ምስሉ ግን ያው ይቆራረጥ ነበር፤ የሌለውን መፍቻ ክፍል ጽዳት አያመጣውም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚሁ። ኤክስፖርት ሲያደርጉም ይኸው ክፍል፣ ኩዊክ ሲንክ የሚባለው፣ ሥራውን በጣም ያፈጥነዋል። ለደንበኛ በፍላሽ ለሚሰጥ ቪዲዮ ጥራቱ በቂ ነው። ፋይሉ ትንሽ መሆን ካለበትና ጥራቱም እንዲጠበቅ ከፈለጉ ግን በሶፍትዌር የሚደረገው ኤክስፖርት፣ ቀርፋፋ ቢሆንም፣ አሁንም ይሻላል።

«ባለ 2 ጊጋ ግራፊክስ» የተባለው ብዙ አያጓጓዎት። 2 ጊጋ የማስታወሻው መጠን እንጂ የካርዱ ጉልበት አይደለም። እንዲህ ባሉ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት የማየው ጂቲ 710 ወይም የእሱ ቢጤ ነው። ጂቲ 710 ኤችኢቪሲን በሃርድዌር አይፈታም፣ በጌም ጉልበቱም ከዩኤችዲ 730 ተለይቶ የሚወደስበት ነገር የለውም። የካርዱን ስም ይጠይቁ፤ ሻጩ ከጊጋው ሌላ የሚነግርዎት ከሌለ ዋጋ አይስጡት።

የእህትዎ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ለ12100 አልከራከርም። ፒችትሪ ሁለቱንም ፕሮሰሰሮች አያስቸግራቸውም። ከጀርባው ያለው ፐርቫሲቭ የተባለው ዳታቤዝ ትንንሽ ፋይሎችን ደጋግሞ ያነባል፣ ይጽፋል። ሪፖርት ሲከፈት የሚያስጠብቃት ዲስኩ ነው። 4790ው የመጣው በሃርድ ዲስክ ነው ብለዋል፤ ያ 1 ቴራ ለፎቶ ማከማቻ ጥሩ ነው፣ ዊንዶውስና ፒችትሪ ከተጫኑበት ግን ማንኛውንም ፕሮሰሰር ያስለቅሳል። ብዙ ሰው «ኮምፒውተሬ አረጀ» ብሎ ፕሮሰሰር ሊቀይር ሲመጣ ኤስኤስዲ ብቻ ገጥሜለት «አዲስ አደረግኸው» ብሎኝ ሄዷል። በዚህ ንጽጽር ውስጥም ሱቁ ላይ ቆመው ሁለቱን ከፍተው ቢያዩ፣ መጀመሪያ የሚያስደንቅዎት የዲስኩ ልዩነት እንጂ የፕሮሰሰሩ አይደለም። 4790 ላይ የሚገጠመው ሳታ ኤስኤስዲ ነው፣ በሴኮንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ። በዚያ ዘመን በነበሩት የቢሮ ኮምፒውተሮች ማዘርቦርድ ላይ ለኤንቪኤምኢ (ከሳታ ለሚፈጥነው የኤስኤስዲ ዓይነት) የሚሆን ቀዳዳ በብዛት አይገኝም፤ በአስማሚ ቢሰካም የብዙዎቹ ባዮስ (ኮምፒውተሩን ከዊንዶውስ በፊት የሚያስነሣው ፕሮግራም) ከእሱ ላይ ዊንዶውስ አያስነሣም። የ12100 ማዘርቦርዶች ይህ ችግር የለባቸውም።

ራሙን በተመለከተ 16 ከ8 እንደሚበልጥ እስማማለሁ፤ ለፎቶሾፕና ለቪዲዮ 8 ጊጋ አይበቃም፣ ይህን ሳላለባብስ ልንገርዎት። ግን 8 ላይ ሌላ 8 መጨመር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ፕሮሰሰርን በስምንት ዓመት ወደፊት ማምጣት ግን አይቻልም። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ 12100 ዲዲአር4ም ዲዲአር5ም ይቀበላል፣ ማዘርቦርዱ ግን የሚቀበለው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው። ሳይፈትሹ ራም አይግዙ፤ የ4790ው ዲዲአር3 ራምም ከሁለቱም አይገጥምም። ሁለተኛ፣ 8 ጊጋው አንድ ፍሬ ከሆነ በአንድ ቻነል ነው የሚሠራው፣ ያ ማለት የራሙ ፍሰት ግማሽ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ግራፊክስም የሚጠቀመው ያንኑ ራም ስለሆነ አብሮ ይደክማል። ሁለተኛውን ፍሬ ሲጨምሩ መጠኑም ፍሰቱም በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል።

ስለ ዊንዶውስም ዝም ማለት አይቻልም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025፣ በኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። 4790 ከበሩ ውጭ ነው። በአቋራጭ የሚጭኑልዎት ልጆች አሉ፣ ይሠራልም። ግን አንዱ ትልቅ አፕዴት ሲመጣ አልቀበልም ቢል አቤት የሚሉበት የለም። የደንበኞች የሒሳብ መዝገብ በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ይህን አልመክርም።

ከዚያ ደግሞ ሳጥኑ ራሱ አለ። 4790 ይዘው ከውጭ የሚመጡት አብዛኞቹ የድርጅት ኮምፒውተሮች ናቸው፣ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 እና ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ያሉ። ጠንካራ ዕቃዎች ናቸው፤ ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ አይሰበሩም። ችግሩ ፓወር ሰፕላያቸውና ማዘርቦርዳቸው የየራሳቸው መሰኪያ ስላላቸው ነው። ፓወሩ ሲቃጠል ከገበያ የተለመደውን ገዝተው መተካት አይችሉም፣ ወይ ተመሳሳዩን ወይ አስማሚ መፈለግ ነው። ጠባቡ ሳጥን ከሆነ የግራፊክስ ካርዱም አጭር መሆን አለበት፣ ፓወሩም 255 ዋት ወይም እሱን የሚጠጋ ነው። መብራት በሚበላው በኩል የወረቀቱ ቁጥር 84 ዋት ለ4790፣ 60 ዋት ለ12100 ይላል፤ 12100 ሲጣደፍ ግን እስከ 89 ይወጣል። ለዩፒኤስ የሚጠቅመው እውነት ሌላ ነው፦ 12100 ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ይተኛል፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሴቭ ለማድረግ የሚተርፍዎት ጊዜ ይረዝማል።

12100ን ከልክ በላይ እንዳላወድሰው ወሰኑን ልናገር። አሁንም 4 ኮር ነው። ብዙ ካሜራ በአንድ ታይምላይን ላይ ደርበው በ4ኬ የሚሠሩ ከሆነ፣ ወይም አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ የሚውሉ ከሆነ፣ ይደክማል። ያኔ መሄድ ያለብዎት ወደ አይ5-12400 ነው፤ 6 ኮርና 12 ትሬድ አለው። ጥሩነቱ፣ ሶኬታቸው (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) አንድ ስለሆነ ነገ ሥራ ሲበዛ ያንኑ ማዘርቦርድ ይዘው ፕሮሰሰሩን ብቻ መቀየር ይችላሉ። ባዮሱ ከታደሰ 13ኛና 14ኛ ጀነሬሽንም ይገባል። ወደዚያ ከሄዱ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ከፍተኛዎቹ የ13ኛና የ14ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰሮች ከቮልቴጅ ጋር በተያያዘ ችግር ሲበላሹ እንደነበር ይወቁ፤ ኢንቴል ማስተካከያውን በባዮስ በኩል አውጥቷል፣ ያገለገለ ከሆነ ግን የደረሰው ጉዳት አይመለስም። 12ኛው ጀነሬሽን ከዚህ ነፃ ነው። በ4790 በኩል የሚኬድበት መንገድ የለም፤ በእነዚያ የቢሮ ማዘርቦርዶች ላይ ከእሱ በላይ የሚገባው 4790ኬ ነው፣ እሱም ፍጥነቱ ጥቂት የጨመረ ያው አሮጌ ኮር።

ከስሙ ኋላ የምትመጣውን ፊደል ግን በደንብ ይዩ። 12100ኤፍ የሚል ከሆነ አይግዙት፤ ኤፍ ማለት ግራፊክሱ የለም ማለት ነው። ያለ ተጨማሪ ካርድ ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ከላይ ያወደስኩት የቪዲዮ መፍቻ ክፍልም አብሮ የለም። ለጌመር ጥሩ ቅናሽ ነው፣ ለእርስዎ ግን የምርጫው ዋና ምክንያት የጠፋበት ዕቃ ነው። ቲ የሚል ከሆነ ደግሞ ለትንንሽ ሳጥኖች የተሠራ፣ በ35 ዋት የታሰረ ነው፤ ለረጅም ኤክስፖርት ይዘገያል።

4790 የሚመረጥበት ጊዜ የለም አልልም። ዋጋው ከ12100ው ግማሽ በታች ከወረደ፣ ሥራውም ፒችትሪ፣ ወርድና ኤክሴል ብቻ ከሆነ፣ ኤስኤስዲ ገጥሞለት ብዙ ዓመት ያገለግላል። እርስዎ የነገሩኝ ግን ይህ አይደለም። አንዱ ከሌላው በግማሽ ብቻ ይበልጣል፣ ሥራው ደግሞ ቪዲዮ ነው። በዚያ ላይ 4790ው ላይ ኤስኤስዲ መጨመሩ ስለማይቀር የዋጋው ርቀት ገና ይጠባል።

ስለዚህ አይ3-12100ውን ይግዙ፤ ኤፍ ያልሆነውን፣ ማዘርቦርዱ ዲዲአር4 ከሆነ ተመሳሳይ 8 ጊጋ ጨምረውበት። 256 ጊጋው ለዊንዶውስ፣ ለፕሮግራሞቹና ለፒችትሪ ይሁን። ያለቁትን ቪዲዮዎች የሚያስቀምጡበት ሃርድ ዲስክ ለብቻው ይግዙና በሁለተኛነት ይግጠሙት፤ የፒችትሪውንም ባክአፕ በየማታው እዚያ ላይ ከዚያም ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ገንዘቡ ለሁሉም በአንዴ ካልደረሰ ራሙ ይቅደም፣ ሃርድ ዲስኩ ወር ሊጠብቅ ይችላል።

ሱቁ ውስጥ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሡና የፕሮሰሰሩን ስም ከባዮሱ ላይ ያንብቡ፤ ዊንዶውስ ውስጥ የሚታየውን ስም የሚቀይሩ ሰዎች አሉና። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ከፍተው ኤስኤስዲው ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይዩ። ሳጥኑን አስከፍተው ራሙ አንድ ፍሬ ይሁን ሁለት፣ ባዶ ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው ይቁጠሩ። ከዚያ ሲኔቤንች አር23ን በሁሉም ኮር ለአሥር ደቂቃ ያስኪዱት። ከ8,000 በታች ብዙ ከወረደ ወይ ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል፣ ወይ የሸጡልዎት ባለ ቲውን ነው። ከስልክዎም አንድ የ4ኬ ቪዲዮ በፍላሽ ይዘው ይሂዱና እዚያው ያጫውቱት። «ጊዜ የለንም» ካሉዎት ቀጣዩ ሱቅ ይግቡ።